አንድ ክፍለ ጊዜ ቢሰጣችሁ ለተማሪዎች ስለ ዓለም አቀፍ ንግድ ሥራ ምን ታሳያላችሁ?

የመነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። የንግድ ትምህርት አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼን ስትመረቁ ምን መሥራት ትፈልጋላችሁ ብዬ ስጠይቅ ማርኬቲንግ፣ ቴክኖሎጂ፣ የራሴን ቢዝነስ ይሉኛል። ዓለም አቀፍ ንግድ ብሎ እጁን የሚያወጣ የለም ማለት ይቻላል። አልፎ አልፎ አንዱ ቢያወጣም ምክንያቱ አውሮፕላን ነው፤ አገር ላገር መዞር።

ጥፋቱ የልጆቹ አይመስለኝም፤ አስተማሪዎቹ እኛ ነን። ክፍል ውስጥ የኢኮኖሚ ሊቁን ሪካርዶን እናነሳለን። እ.ኤ.አ. በ1817 እንግሊዝ ጨርቁን፣ ፖርቱጋል ወይኑን ብትይዝ ሁለቱም ይጠቀማሉ ያለውን። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ለፈተናም ይመቻል። ግን ጨርቁን መርከብ ላይ ያስጫነው ማነው? ቀረጡን ማን አሰላው? ሻጭና ገዢ ተያይተው ሳያውቁ ገንዘቡ እንዴት ተከፈለ? በመጠን ሲለካ ከዓለም የሸቀጥ ንግድ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው በባሕር ይጓጓዛል። በየደረጃው ሰው አለ። ተማሪው ግን እነዚህን ሰዎች አያውቃቸውም። የማያውቀውን ሥራ ደግሞ ሊመኘው አይችልም።

ስለዚህ የምትሠሩበትን ልጠይቃችሁ። አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ቢሰጣችሁ ምን ታሳዩአቸዋላችሁ? የማነቃቂያ ንግግር በቃን። በእጅ የሚያዝ ነገር ንገሩኝ።

(ክሩ፣ ማለትም ይህ የመልሶች ሰንሰለት፣ ስለረዘመ ዘግይታችሁ ለምትገቡ መልሶቹን በራሴ አባባል እዚህ ሥር አስቀምጫለሁ። ቁጥሮቹ የመልሶቹ ቅደም ተከተል ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

መልስ 1 እና 2

የመጀመሪያው መላሽ የጭነት አስተላላፊ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ትሁት ሰው ነው። ያለምንም ማመንታት ቢል ኦፍ ሌዲንግ (አጓጓዡ ለተረከበው ዕቃ የሚሰጠውን የባሕር ጭነት ሰነድ) አሳያቸው አለኝ። ወረቀቷ ሦስት ሥራ እንዳላት ዘረዘረ። መርከቡ ዕቃውን ለመረከቡ ደረሰኝ ናት። የማጓጓዣ ውሉም ማስረጃ ናት። በትዕዛዝ የሚተላለፍ ተብላ ከወጣች ደግሞ ዕቃው ራሱ በእሷ በኩል ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። ጀርባዋ ላይ ፈርሞ ለሌላ መስጠት ይቻላል። ስለዚህ መርከቡ ገና ባሕር ላይ እያለ ጭነቱ ተሽጦ፣ እንደገና ተሽጦ ሊደርስ ይችላል። ብዙውን ጊዜ ሦስት ኦሪጅናል ይወጣል፤ በአንዱ ዕቃው ከተነሳ የቀሩት ሁለቱ ዋጋ የላቸውም። እሱ በአዲስ ሠራተኞች ላይ እንዳየው፣ አንዲት ወረቀት የአንድ መርከብ ጭነት ያህል ዋጋ እንዳላት የገባው ሰው አያያዙ ወዲያው ይለወጣል። መሳቢያ ውስጥ ዝም ብሎ መወርወር ያቆማል።

ሁለተኛው መልስ ምስጋናና ስምምነት ብቻ ነው። እለፉት።

መልስ 3

እኔ በበኩሌ ከክሩ ሁሉ ብዙ ያተረፍኩት ከዚህ ነው። ጸሐፊዋ ባንክ ውስጥ የኤልሲ ዶክመንት መርማሪ ናት። ኤልሲ (ሌተር ኦፍ ክሬዲት) የተስማማ ሰነድ ከቀረበልኝ ለሻጩ እከፍላለሁ የሚል የባንክ የጽሑፍ ቃል ነው። ቢል ኦፍ ሌዲንጉን ለብቻው ማሳየት አይበቃም ባይ ናት፤ ከኢንቮይሱ (ከዋጋ መጠየቂያው)፣ የታሸገውን ዕቃና ክብደቱን ከሚዘረዝረው ፓኪንግ ሊስትና ከኤልሲው ጋር አብሮ መቅረብ አለበት። ከዚያ ተማሪዎቹ ስህተት ይፈልጉ።

ምክንያቷን በደንብ አስረዳች። ኤልሲ የሚመራው ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ባወጣው ዩሲፒ 600 በሚባለው ደንብ ነው፤ ከ2007 ጀምሮ ይሠራበታል። በደንቡ መሠረት ባንክ ጉዳዩ ከዶክመንት ጋር እንጂ ከዕቃ ጋር አይደለም። መጋዘን ሄዶ ካርቶን አይከፍትም። ወረቀቱ ሲቀርብለት ቢበዛ 5 የባንክ የሥራ ቀናት አሉት። በእነዚህ ቀናት ውስጥ ይስማማል ወይስ አይስማማም የሚለውን ይወስናል።

ምሳሌ አመጣች። ኤልሲው የመጨረሻው የመጫኛ ቀን በወሩ 15 ነው ይላል። ቢል ኦፍ ሌዲንጉ ግርጌ ላይ፣ ዕቃው መርከብ ላይ ወጣ የሚለው ማኅተም ውስጥ፣ በእጅ የተሞላ ቀን አለ፤ 16። በቃ። ዕቃው ምንም እንከን የለበትም፣ መርከቡም ጉዞውን ጀምሯል። ባንኩ ግን ያለመክፈል መብት አገኘ። ገዢው ልዩነቱን ልቀበለው ሊል ይችላል። ገበያው ቀዝቅዞበት ከሆነ ደግሞ ዋጋ ካልቀነሳችሁልኝ ይላል። ሻጩ ዕቃው የሰው አገር ሊደርስ ተቃርቦ ምን አማራጭ አለው? በአንዲት ቀን ልዩነት ትርፉ ሲበላ ቁጭ ብሎ ያያል። ይህን ስህተት ከባንኩ በፊት የሚያገኝ ሠራተኛ ለላኪው ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ልጆቹ ራሳቸው ያስሉት ብላ ጨረሰች። ስሞቹ የውሸት የሆኑ፣ ሆን ተብሎ ስህተት የገባባቸው ዶክመንቶች አዘጋጅታ እዚሁ እንደምትለጥፍም ቃል ገባች።

መልስ 4 እና 5

እዚህ ላይ ጨዋነቱ ተቋረጠ። አራተኛው ሰውዬ ለምን ታታልሏቸዋላችሁ ዓይነት ነገር ጻፈ። ተመርቆ ቢሮ የገባ ልጅ መጀመሪያ የሚሰጠው ፎቶ ኮፒና ፋይል ነው፤ እሱ ራሱ ተለማማጅ በነበረበት ቦታ ሻይ ሲያመላልስ ነው የከረመው። ጥሩ ጥሩውን ቦታ ዘመድ ያለው ይወስደዋል። የቀረውንም ኮምፒውተር እየወሰደው ነው፤ ነገ ወረቀት የሚባል ነገር አይኖርም። ስለዚህ መልስ 1 እና 3 የሚያሳዩት ሙዚየም ነው ብሎ ደመደመ። አነጋገሩ ሻካራ ነው፤ ያነሳው ነገር ግን ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

አምስተኛው ከፍሎ መለሰለት። ስለ ወረቀቱ ግማሽ እውነት እንዳለው አመነ። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ ንግድ ሕግ ኮሚሽን በ2017 በኤሌክትሮኒክ መልክ ለሚተላለፉ ሰነዶች ሞዴል ሕግ አውጥቷል። እንግሊዝም በ2023 ባወጣችው ሕግ መሠረታዊ መመዘኛዎችን የሚያሟላ ኤሌክትሮኒክ ቢል ኦፍ ሌዲንግ እንደ ወረቀቱ ሕጋዊ ጉልበት እንዲኖረው አድርጋለች። ግን ወረቀቱ ስክሪን ላይ ስለወጣ 15 እና 16 አንድ አይሆኑም። ፊደል የሚለቅመው ሥራ ይጠፋል፤ ይህ ልዩነት ዕዳ ያመጣል ወይስ አያመጣም ብሎ የሚፈርደው ግን አይጠፋም። ስለ ዘመድ ጉዳይ ግን አንድም ቃል አልተነፈሰም። እኔም ያንን አስተውያለሁ።

መልስ 6 እና 7

ትራንዚተር ነኝ ያለ ሰው ገባና ወረቀቱን ሁሉ ተዉት፣ ጃንጥላ ይዛችሁ ግቡ አለ። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ነገሩ የኤችኤስ ኮድ ነው። የዓለም ጉምሩክ ድርጅት ያዘጋጀው፣ ከ1988 ጀምሮ የሚሠራ፣ ዕቃን ሁሉ በስድስት አኃዝ የሚለይ ሥርዓት። ከ5,000 በላይ ምድቦች አሉት። ጃንጥላ ምዕራፍ 66 ውስጥ ነው፤ ከምርኩዝና ከአለንጋ ጋር። 6601 ሲሆን ጃንጥላ ብቻ ይሆናል። ከዚያ ይለያያል። የአትክልት ስፍራው ትልቁ ጥላ 6601.10 ነው። ዘንጉ ወደ ውስጥ እየገባ የሚያጥረው 6601.91 ነው። ሌላው 6601.99። ስለዚህ ተማሪው ጃንጥላውን ይዞ ዘንጉን ሳብ ማድረግ አለበት። ቀረጡም፣ ፈቃዱም፣ የስሪት አገር ደንቡም የሚወሰነው ከዚህች ሳብ ማድረግ በኋላ ነው።

ጨዋታውን የሚያደምቁ ሁለት የፍርድ ቤት ታሪኮችም ጨመረ። በ1893 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቲማቲም ለቀረጥ ጉዳይ አትክልት ነው፣ ፍሬ አይደለም ብሎ ወስኗል፤ የጊዜው ሕግ አትክልቱን ሲቀርጥ ፍሬውን ይተው ነበርና። በ2003 ደግሞ የአገሪቱ የዓለም አቀፍ ንግድ ፍርድ ቤት የልዕለ ኃያል ገጸ ባሕርያት መጫወቻዎች አሻንጉሊት ናቸው ወይስ ሌላ መጫወቻ የሚል ክርክር ቀረበለት። አሻንጉሊት ለመባል የሰው ምስል መሆን አለበት፤ ቀረጡም 12 በመቶ ነበር። ሌላ መጫወቻ ከሆነ 6.8 በመቶ። አስመጪው እነዚህ ሰዎች አይደሉም ብሎ ተከራክሮ ረታ። ዳኛ ቁጭ ብላ መጫወቻ ሰው ነው አይደለም ስትል አስቡት! ይህን ሰምቶ የሚያንቀላፋ ተማሪ ካለ እኔ እጄን እሰጣለሁ።

ሰባተኛው በትሕትና አረመው። የቲማቲሙ ፍርድ ከኤችኤስ አንድ ክፍለ ዘመን ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው የተሰጠ ስለሆነ ሁለቱን አንድ ላይ ማስተማር እንደማይገባ አስታወሰ። በተጨማሪም ከስድስቱ አኃዝ በኋላ እያንዳንዱ አገር የራሱን ቁጥር ስለሚቀጥል፣ ተማሪው የላኪውን አገር ኮድ እንዳለ ገልብጦ ለአስመጪው አገር እንዳይሰጥ። ትራንዚተሩ እርማቱን በደስታ ተቀበለ።

መልስ 8 እና 9

ስምንተኛው ተማሪ ነው። ደስ አለኝ፤ እስካሁን ስለ እነሱ ነበር የምናወራው። ጓደኞቹ ንግድ ሲባል ካፒታል ነው የሚታያቸው። ገንዘብ ያለው ሰው ወይም የሀብታም ልጅ። በዚያ ላይ ዓለም አቀፍ ሲጨመርበት ጭራሽ የማይደረስበት ይሆናል። ገንዘብ የሌለው ሰው እዚህ ሙያ ውስጥ በየት በኩል ይገባል ብሎ ጠየቀ።

ዘጠነኛው በአጭሩ ዘረዘረለት፦ ጭነት አስተላላፊ፣ ጉምሩክ አስተላላፊ፣ የመርከብ ወኪል፣ የባሕር ኢንሹራንስ፣ የጥራት ኢንስፔክሽን፣ የባንክ ዓለም አቀፍ ክፍል፣ በላኪ ወይም በአስመጪ ድርጅት የኤክስፖርት ኦፊሰርነት፣ የማዕቀብና የደንብ ክትትል ሠራተኛ፣ የንግድ ስምምነት ባለሙያ። አንዱም ካፒታል አይጠይቅም። ልጁ አመሰገነና ዝም አለ። በኋላ ይመለሳል፣ ልብ በሉት።

መልስ 10 እስከ 13

ጠቡ እዚህ ነው።

አሥረኛው የላኪ ድርጅት ባለቤት ነው። የሚመጡለት ተመራቂዎች ስለ ግሎባላይዜሽን ገጽ ሙሉ ይጽፋሉ፤ የዕቃው ዋጋ ገዢው በር ላይ ሲደርስ ስንት ይሆናል ሲባሉ ግን ካልኩሌተሩን አያነሱም። ስለዚህ ኢንኮተርምስ ይማሩ አለ። ወጪውና አደጋው ከሻጭ ወደ ገዢ የት ላይ እንደሚያልፍ የሚለይ፣ በ1936 የተጀመረ፣ አሁን የሚሠራበት የ2020 እትም 11 ቃላት ያሉት ደንብ ነው። አንድ ጀማሪ ሠራተኛው ገዢ ለማስደሰት ብሎ በዲዲፒ ዋጋ እንደሰጠ አወጋ። ዲዲፒ ማለት የመድረሻውን አገር ቀረጥና ግብር ሳይቀር የሚከፍለው ሻጭ ነው። ልጁ ማጓጓዣውን ብቻ አስቦ ነበር። ድርጅቱ ቃሉን አከበረ፣ ኪሳራውንም ቻለ። ልጁን አላባረረውም፤ አሁን ዋጋ የሚያወጣው እሱ ነው። ከዚያ ሲያጠቃልል ለተማሪ ኤፍኦቢ (ሻጩ ዕቃውን መርከብ ላይ እስኪጭን ብቻ የሚከፍልበት) እና ሲአይኤፍ (ሻጩ የባሕር ማጓጓዣውንና ኢንሹራንሱንም የሚከፍልበት) ከገባው ይበቃዋል አለ።

አሥራ አንደኛው ይችን ይዞ ተነሳ። በኮንቴይነር ለሚላክ ዕቃ ኤፍኦቢ ማስተማር ስህተትን ማውረስ ነው አለ፤ ኤፍሲኤ (ለአጓጓዡ ማስረከብ) መባል እንዳለበት የኢንኮተርምስ መጽሐፉ ራሱ ይናገራል። አነጋገሩ ትንሽ ይቆረጥማል። አሥረኛው በመልስ 12 ተቆጣ። ገዢዎቹ ሁሉ ኤፍኦቢ ብለው እንደሚጠይቁት፣ ዕቃውን የሚገዛው መጽሐፉ እንዳልሆነ፣ ቢሮ ቁጭ ብሎ ከማረም ወጥቶ መሸጥ እንደሚከብድ ነገረው።

አሥራ አንደኛው በመልስ 13 ተረጋግቶ ተመለሰ። ኮንቴይነሩን ሻጩ ተርሚናል ላይ ያስረክባል። መርከቡ ከቀናት በኋላ ይመጣል። በኤፍኦቢ ግን ዕቃው መርከብ ላይ እስኪወጣ ድረስ አደጋው የሻጩ ነው። በእነዚያ ቀናት ተርሚናሉ ላይ እሳት ቢነሳ ዕቃው በእጁ የሌለ ሰው ተጠያቂ ይሆናል። በኤፍሲኤ ግን ለአጓጓዡ ባስረከበበት ቅጽበት ይገላገላል። አሥረኛው፣ ባንክ መርከብ ላይ ወጣ የሚል ማኅተም ስለሚጠይቅ ኤፍሲኤ ለኤልሲ አይመችም ብሎ ተከራክሮ ነበር። ለዚህም መልስ አለው፤ የ2020ው እትም፣ ገዢው አጓጓዡ እንዲህ ያለ ቢል ኦፍ ሌዲንግ ለሻጩ እንዲሰጥ እንዲያዝ የሚያስችል አማራጭ ጨምሯል።

እኔ ብትጠይቁኝ በደንቡ አሥራ አንደኛው ልክ ነው፣ በገበያው አሥረኛው። ሁለቱን አንድ ክፍል ውስጥ አስገብቼ ይህንኑ ጠብ ተማሪ ፊት ቢደግሙልኝ የመማሪያ መጽሐፉን ዘግቼው እቀመጥ ነበር።

መልስ 14 እና 15

ክሩ ትንሽ ወደ ሌላ ሄደ። አሥራ አራተኛው የኮንቴይነር ታሪክ አፍቃሪ ነው። ማልኮም ማክሊን የተባለ የጭነት መኪና ባለሀብት በ1956 አይዲያል ኤክስ በምትባል መርከብ 58 ሳጥኖች ከኒውዋርክ ወደ ሂዩስተን እንደላከና ዛሬ የምናየው ሁሉ ከዚያ እንደቀጠለ ተረከ። ከዚያ ወደ 2021 ዘለለ፤ ኤቨር ጊቭን ስዌዝ ቦይን ዘግታ ወደቆመችበት።

አሥራ አምስተኛዋ የባሕር ኢንሹራንስ ሠራተኛ ናት። መርከቧ ስትቆም ሁሉም አይቷል፣ የሚማሩበት ግን ከተነሳች በኋላ ያለው ነው አለች። 400 ሜትር ገደማ የምትረዝመው መርከብ ከስድስት ቀን በኋላ ስትላቀቅ ባለቤቷ ጀነራል አቬሬጅ አወጀ። ትርጉሙ፣ መርከቧንና ጭነቱን ለማዳን የወጣውን ወጪ የመርከቧ ባለቤትና በላይዋ ላይ ዕቃ የጫነ ሁሉ እንደ ንብረታቸው ዋጋ ይካፈላሉ። ከ18,000 በላይ ኮንቴይነሮች ነበሩባት። ምንም ያላጠፋ፣ ዕቃውም ያልተነካ ሰው ዋስትና ሳያቀርብ ዕቃውን አይረከብም። ኢንሹራንስ የነበረው ወረቀቱን ለኢንሹራንሱ አስተላለፈ። ያልነበረው ከራሱ። ተማሪ ይህን ሲሰማ ፍትሕ ነው አይደለም ብሎ መሟገት ይጀምራል፤ ሲሟገት ደግሞ ሳያውቀው ሙያው ውስጥ ገብቷል።

መልስ 16

አንዲት እህት ብቻዋን የጻፈችው ነው፤ ቀጥሎ ብዙ ሰው አልመለሰላትም፣ ይህም አሳፈረኝ። ወደብ ላይ በሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። ስትቀጠር የሴት ቦታ አይደለም ተብላ ነበር። እስከ ዛሬ ሾፌሮች ኃላፊውን ጥሪልን ይሏታል፤ ኃላፊዋ እሷ ናት። ለሴት ተማሪዎች የሚጋበዘው እንግዳ ተናጋሪ ሁልጊዜ ሱፍ የለበሰ ሰውዬ ከሆነ የቀረው ጥረት ከንቱ እንደሆነ ቁርጥ አድርጋ ነገረችን።

መልስ 17 እና 18

አሥራ ሰባተኛው የሥራ ባልደረባዬ መምህር፣ ጄኔቫ ያለው ዓለም አቀፉ የንግድ ማዕከል በነፃ የሚሰጣቸውን የኦንላይን ኮርሶችና ትሬድ ማፕ የተባለውን የመረጃ ቋት ጠቆመ። ተማሪ አንድ ዕቃ መርጦ ማን እንደሚሸጠው፣ ማን እንደሚገዛው፣ ባለፉት ዓመታት ገዢው እንዴት እንደተቀያየረ እንዲያይ። ጥሩ የቤት ሥራ ነው፤ ወስጄዋለሁ።

አሥራ ስምንተኛው ሰርተፍኬት መሰብሰብ በሽታ ሆኗል ብሎ አጣጣለው። ግድግዳ ሙሉ ሰርተፍኬት ያለው፣ ፓኪንግ ሊስት ላይ ግን የተጣራ ክብደትንና ጠቅላላ ክብደትን የማይለይ ሰው ያውቃል። እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ያ ሰው ኮርሱን ባይወስድ ኖሮ ይለይ ነበር ማለት አይደለም።

መልስ 19 እስከ 21

ቁጡው አራተኛ ተመለሰ፣ ለዘብ ብሎ። አሁንም ዘመድ ስለሚባለው ነገር መልስ አላገኘሁም አለ፣ ትክክል ነው። ነገር ግን ተለማማጅ የሚቀበል ድርጅት ቢያንስ አንድ ጭነት ከኢንቮይስ እስከ ርክክብ ልጁ እንዲከተለው ቢያደርግ፣ ለትራንስፖርትም ቢከፍለው፣ ሐሳቡን እንደሚቀይር ጻፈ። ለክፍል እውነተኛ የድሮ ፋይሎችን እልክልሃለሁ ብሎም ቃል ገባልኝ።

ሃያኛው ወዲያው አስቆመው። ፋይሉ ላይ የደንበኛ ስምና ዋጋ አለ፤ አንዱ ተማሪ ፎቶ አንስቶ ቢለጥፈው ተወዳዳሪ እጅ ይገባል። የመልስ 3 የውሸት ሰነድ ይሻላል። ተስማማን።

ሃያ አንደኛው ያገለገለ መኪና ማስመጣት ፈልጎ ታማኝ ሰው ጠቁሙኝ የሚል ነው። በየክሩ አንድ አይጠፋም።

መልስ 22 እስከ 25

የባንኳ እህት ቃሏን አክብራ ሰነዶቹን በመልስ 22 ለጠፈች። አራት ገጽ ናቸው፤ አራት ስህተት እንዳስገባችም ነገረችን። ተማሪው፣ ያ ስምንተኛው፣ በማግስቱ በመልስ 23 ተመለሰ። አምስት አግኝቷል። አራቱ እሷ ያስገባቻቸው ናቸው። አምስተኛው፣ ፓኪንግ ሊስቱ ጠቅላላ ክብደት 18,400 ኪሎ ሲል ቢል ኦፍ ሌዲንጉ 18,040 ይላል። እሷ ስትተይብ አኃዞቹ ተገለባብጠውባት ኖሯል።

በመልስ 24 ሳቀችና እውነተኛ ልዩነት ነው ብላ አጸደቀችለት። በዩሲፒ 600 አንቀጽ 14 መሠረት በሰነዶች መካከል ያለ መረጃ ቃል በቃል አንድ መሆን የለበትም፣ መጋጨት ግን አይችልም፤ እነዚህ ይጋጫሉ። መቼ እንደሚመረቅም ጠየቀችው።

ሃያ አምስተኛው አሥረኛው ሰውዬ ነው፤ ልጁ ሲቪውን በውስጥ መስመር እንዲልክለት ጽፏል። ከሥሩ አሥራ አንደኛው ገብቶ ቅጥሩ ጥሩ እንደሆነ፣ በኮንቴይነር ላይ ኤፍኦቢ ጻፍ ከተባለ ግን እንዳይፈርም መክሮታል። ይኸው አሁንም እየተጻጻፉ ናቸው።